ቁም ሳጥኖቹ፣ ቀጫጮቹ፣ ድንክዬዎቹና በሮቹ

ልብስ ሰፊዋ ስታገባ ያገባችው አንድ ሰው ብቻ መስሏት ነበር። ስፒከሮቹ የመጡት በኋላ ነው፤ እንደ ባል ዘመድ ሁለት ሁለት እያሉ ገብተው፣ ሳሎኑን ይዘው፣ አንወጣም ብለው ቀሩ።

ባሏ ጥርስ ሐኪም ነው። ቀኑን ሙሉ በሰው አፍ ውስጥ መሰርሰሪያ ሲያስጮህ ይውልና ቤቱ ሲገባ ጫማውን በቅጡ ሳያወልቅ ሳሎኑ መሃል ካለችው ወንበር ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጣል። ይህቺ ወንበር የዋዛ ወንበር አይደለችም። ከግራውም ከቀኙም ስፒከር እኩል እንድትርቅ በሜትር ተለክታ የተቀመጠች ናት። ልብስ ሰፊዋ አንድ ቀን ስትጠርግ በስንዝር ገፋ ብታደርጋት፣ ሰውየው ቤቱ የተዘረፈ ይመስል ሲጮህ ጎረቤት ወጣ።

ስፒከሮቹ አራት ጥንድ ናቸው። ባሏ የፋብሪካ ስማቸውን ሲጠራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ እሷ ግን ራሷ ስም አውጥታላቸዋለች። መጀመሪያ የመጡት፣ በተጋቡ በሦስተኛው ሳምንት ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ ተገዝተው በጋሪ የገቡት ግዙፍ የእንጨት ሣጥኖች «ቁም ሳጥኖቹ» ናቸው። ቀጥለው የመጡት ረዣዥሞቹ «ቀጫጮቹ»፤ ከእነሱ በኋላ የመጡት፣ ብረት መቆሚያ ላይ ተኮፍሰው የሚቀመጡት ትንንሾቹ ደግሞ «ድንክዬዎቹ»። በመጨረሻ የመጡት፣ ቁመታቸው የሰው፣ ስፋታቸው የበር፣ ውፍረታቸው የጣት የሆነው «በሮቹ» ናቸው። አንድ እንግዳ መጸዳጃ ቤት መስሎት ሊገፋቸው ሞክሮ ከዚያ ወዲህ እዚህ ቤት አልተጠራም።

እንግዲህ ጉዱ የፈላው የሚኖሩበት ቤት ሊፈርስ ነው ሲባል ነው። በምትኩ የተገኘው ቤት ሳሎኑ የአሁኑን ግማሽ ያህላል፤ ግን በግራ በኩል ሰፊ መስኮት አለው። ልብስ ሰፊዋ መስኮቱን ስታይ ልቧ ቅቤ ጠጣ። እስከዛሬ ጨርቅ የምትቆርጠው መኝታ ቤት ወለሉ ላይ ተንበርክካ ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት ተንበርክካ፣ አሁን ጉልበቷ እምቢ ብሏል። ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ጠረጴዛ፣ ብርሃኑ ከግራ የሚገባበት፣ ቆማ የምትቆርጥበት፤ የምትፈልገው ይህን ብቻ ነበር። ስለዚህ ባሏን አስቀምጣ ነገረችው።

«አንድ ጥንድ። የትኛውን እንደሆነ አንተ ምረጥ፤ ግን አንድ ጥንድ። የቀረው ቦታ የኔ ነው።»

ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው አንገቱን ደፍቶ «እሺ» አለ። ከዚያ መምረጥ አቃተው። ቁርሱን ሳይበላ በሮቹን ያያል፣ ምሳውን ትቶ ቀጫጮቹን ይዳብሳል። በመጨረሻ ያደረገው ግራ የገባው ወንድ ሁሉ የሚያደርገውን ነው፤ ጓደኞቹን ጠራ።

ጓደኞቹ ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ጡረታ የወጡ ዳኛ፣ ሁለተኛው የመሬት ቀያሽ። ሦስቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ እየተሰበሰቡ ሸክላ ያዳምጣሉ፤ ዘፈኑን ሳይሆን ስፒከሩን ነው የሚያዳምጡት። ለሦስት ዓመት ያላለቀ አንድ ክርክር አላቸው፤ በዕድሜህ ከያዝካቸው ስፒከሮች ሁሉ ደስ ብሎህ የሰማኸው በየትኛው ነው? የተሻለው አይደለም፣ የተመሰገነው አይደለም፣ እንዲያው ደስ ያለህ። ዳኛው ይህን ሲጠየቁ ሁልጊዜ የሚጠሩት ሊገዙ ያሰቡትን ነው። ቀያሹ ደግሞ የሸጠውንና የሚቆጨውን ነው። ጥርስ ሐኪሙ መልስ የለውም፤ «ላስብበት» እያለ ሦስት ዓመት አልፏል።

ግን ከሦስቱ ጆሮ ያለው እሱ እንደሆነ ሁሉም ያምናሉ። በግድግዳ በኩል የጎረቤትን ሬዲዮ ሰምቶ ባትሪው ሊያልቅ ነው ያለ ሰው ነው፤ እውነትም አለቀ። ሰሞኑን ግን ልብስ ሰፊዋ አንድ ነገር ታዝባለች። ስትጠራው ራሱን ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ በሽተኛ ሲያናግረው «እ?» ይላል አሉ። ሠላሳ ዓመት መሰርሰሪያ ጆሮው ሥር ሲጮህ የኖረ ሰው ነው። እሱ አልነገራትም፣ እሷም አልጠየቀችም፤ ግን ሰውየው ፈርቷል፤ የፈራውም ምን እንደሆነ ታውቃለች።

የእነዚህ ሰዎች ሕግ መጋረጃ ነው። ስፒከሩን ካዩት አድልዎ ይገባል ብለው ያምናሉ፤ ስለዚህ ስፒከሮቹ ከመጋረጃ ጀርባ ይሆኑና አንድ ሸክላ፣ ያው ዘፈን፣ በእያንዳንዱ ጥንድ በየተራ ይጫወታል። ሰሚዎቹ ሳይነጋገሩ፣ ሳያስሉ፣ ከአሥር ነጥብ እየሰጡ ወረቀት ላይ ይጽፋሉ። ገመዱን የሚቀያይረው ከጀርባ ያለ ገለልተኛ ሰው መሆን አለበት። ዳኛው ወዲያው ልብስ ሰፊዋን መረጡ።

«እህታችን ትሁን። ስለ ድምፅ የምታውቀው ነገር ስለሌለ አታዳላም» አሉ፤ ማሞገሳቸው ነበር።

መጋረጃውን የሰፋችውም ራሷ ናት፤ በዚህም አልዳነችም። መጀመሪያ ያመጣችውን ጨርቅ ዳኛው አፋቸው ላይ አድርገው እፍ አሉበትና «ይሄ ድምፅ ይበላል» ብለው መለሱላት። ሁለተኛውን ቀያሹ ወደ መስኮት ዘርግቶ «በሮቹ ወለል ብለው ይታያሉ» አለና ውድቅ አደረገው። በሦስተኛው፣ ጥቁር ስስ ጨርቅ ተደርቦ፣ ተስማሙ። «ዕድሜዬን ሙሉ ጨርቅ ሳገላብጥ ድምፅ የሚበላ ጨርቅ መኖሩን ዛሬ ሰማሁ» ብላ ሰቀለችላቸው።

ቅዳሜ ደረሰ። ሦስቱ ሰዎች እርሳስና ወረቀት ይዘው ተደረደሩ፤ እሷ ከመጋረጃው ጀርባ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። እግሯ ሥር ማጫወቻውና ድምፁን የሚያጎላው አምፕሊፋየር አሉ፤ ጭኗ ላይ ደግሞ ለሰኞ የሚደርስ የሙሽራ ቀሚስ። ጠርዙ ገና አልታጠፈም፤ ለነዚህ ሰዎች ብላ የሙሽራ ሥራ አታሳድርም። ገመዶቹ የአትክልት ማጠጫ ጎማ ያህላሉ። አንዱን ጥንድ ለመቀየር አራት ብሎን መፍታት፣ አራት ብሎን ማሰር ያስፈልጋል፤ ባሏ ሲያለማምዳት ነው የሰነበተው። የእያንዳንዱ ጥንድ ገመድ ተጠቅልሎ በየራሱ ቀለም ክር ታስሯል። እሷ ቅርቧ ካሉት ጀመረች፤ ከቁም ሳጥኖቹ።

«ዝምታ!» አሉ ዳኛው፤ ችሎት የለመዱ ሰው ናቸው።

ዘፈኑ ጀመረ። ስፒከርን ከጀርባ ሆኖ መስማት ሌላ ነገር ነው። ድምፁ ወደ ፊት ይሄድና ለኋላ የሚቀረው የእንጨቱ መንቀጥቀጥ ነው። ጀርባዋን ሣጥኑ ላይ አስደግፋ ስለነበር ከበሮው በአከርካሪዋ ገብቶ ደረቷ ላይ ወጣ። የአንደኛው ሣጥን የፊት ጨርቅ በቀኝ በኩል መጣፊያ እንዳለው ሳታየው ታውቃለች። ልጃቸው ሁለት ዓመቷ ላይ ጣቷን ከታ የቀደደችው ነው፤ እሷ በራሷ ጉርድ ገበር ጠጋግናዋለች። ልጅቷ ዛሬ ትልቅ ሴት ሆና ሌላ ከተማ ትሠራለች፤ መጣፊያው ግን አለ።

ዘፈኑ ሲያልቅ የማጫወቻውን መርፌ አነሳች። ከመጋረጃው ወዲያ ሕግ ተጥሶ ሹክሹክታ ተሰማ።

«ቆርቆሮ» አለ ቀያሹ። «ንጹሕ ቆርቆሮ። በርሜል ውስጥ ገብቶ የሚዘፍን ነው የመሰለኝ።»

«እኔማ ዘፋኙ ጉንፋን የያዘው መስሎኝ አዘንኩለት» አሉ ዳኛው።

የልብስ ሰፊዋ ደም ፈላ። ቁም ሳጥኖቹን እሷ ስትሰድባቸው የቤት ጉዳይ ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት አቧራቸውን የጠረገች ሰው የመሳደብ መብት አላት። ይሄ ከሰው ቤት መጥቶ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ በርሜል የሚል ማነው? ብሎኑን ልትፈታ የዘረጋችውን እጇን መለሰች። ገመዱን ለይስሙላ አንኮሻኮሸች፣ በርጩማውን አንዴ ጎተተች፣ ትንሽ ተነፈሰች።

«ሁለተኛ!» ብላ ጮኸችና ያንኑ ሸክላ፣ በዚያው በቁም ሳጥኖቹ፣ አስጀመረች።

«አሃ!» አለ ቀያሹ ገና ከበሮው ሳይገባ። «ይኸዋ! ልዩነቱን እዩት እንግዲህ!»

«ዝምታ! ግን እውነትህን ነው» አሉ ዳኛው።

ልብስ ሰፊዋ የሙሽራዪቱን ቀሚስ አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ሳቀች። ከዚያ በኋላ መመለሻ አልነበራትም። ሦስተኛውንም ያንኑ አስጀመረች።

በሦስተኛው ዙር ግን አንድ ነገር ሆነ። እጇ ጠርዙን እየወጋ፣ ጀርባዋ እንጨቱ ላይ፣ ነገር ዓለሙን ረሳችና ከዘፋኙ ጋር አብራ ማዜም ጀመረች። ድሮ፣ ቤቱ ውስጥ ቁም ሳጥኖቹ ብቻ በነበሩ ጊዜ፣ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች እንዲህ ትዘፍን ነበር፤ እሱም ጥርስ የነቀለበትን ጓንት ሳያወልቅ እየመጣ ይቀበላት ነበር። ቀጫጮቹ ሲመጡ ነው «ሽሽ፣ እየሰማሁ ነው» ማለት የጀመረው። አንድ ሁለቴ ታገሠችው፤ በሦስተኛው አፏን ዘጋች። ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት አልዘፈነችም። ማዜሟን ያወቀችው ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል ነው፤ ደንግጣ ቀጥ አለች። አራተኛውን ዙር እንደ ድንጋይ ተቀምጣ አሳለፈችው።

«አበቃ!» አለችና ቀሚሱን እንደያዘች በመጋረጃው ጠርዝ ብቅ አለች።

ዳኛው መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቶቹን ሰበሰቡ። መጀመሪያ የራሳቸውን አነበቡ፤ አንደኛው አራት ነጥብ፣ ሁለተኛው ስድስት፣ ሦስተኛው ዘጠኝ ተኩል፣ አራተኛው ስድስት። የቀያሹም ተቀራራቢ ነበር፤ አንደኛውን ሦስት ሰጥቶታል፣ ሦስተኛውን ግን አሥር፣ በሁለት መስመር የተሰመረበት አሥር።

«ሦስተኛውማ ተአምር ነው» አለ ቀያሹ ከወንበሩ ብድግ ብሎ። «ከዘፋኙ ኋላ አንዲት ሴት አለች! ይሄን ሸክላ ሃያ ዓመት ሰምቼዋለሁ፣ ሴት መኖሯን አላውቅም ነበር። ሌሎቹ ስፒከሮች ደብቀዋት ኖረዋል።»

«ትንፋሿ ሳይቀር ይሰማል» አሉ ዳኛው። «ትንሽ ከቅኝቱ ወጣ ትላለች፤ ግን ነፍስ አላት።»

ልብስ ሰፊዋ ምላሷን ነከሰች።

ከዚያ ዳኛው የጥርስ ሐኪሙን ወረቀት ገለጡ። በአራቱም መስመር ላይ የተጻፈው አንድ ነው። ዘጠኝ፣ ደስ ይላል። ዘጠኝ፣ ደስ ይላል። ዘጠኝ፣ ደስ ይላል። ዘጠኝ፣ ደስ ይላል።

«ዶክተር» አለ ቀያሹ እየሳቀ፣ «ይሄ እኮ ውድድር ነው፤ ለልጆች ከረሜላ እያደልክ ነው እንዴ?»

ጥርስ ሐኪሙ አልሳቀም። «ልዩነት አልሰማሁም» አለ። «አራቱም ጊዜ ደስ አለኝ፤ እንዲህ ደስ ካለኝ ዘመን የለኝም። ግን ልዩነት አልሰማሁም። አንድ ነው የሆነብኝ።»

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሴትዮዋንስ? ሴትዮዋንም አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ።» ጆሮውን በሁለት ጣቱ ይዞ ጎተተው፤ ነቅሎ ሊጥለው የወሰነውን ጥርስ የሚይዝበት አያያዝ ነበር። «ግን ባለቤቴ ነች ብዬ ነው ያሰብኩት። እሷ ደግሞ በዚህ ቤት ከዘፈነች ስንት ዓመቷ ነው። እና ያለው ነገር የማይሰማኝ፣ የሌለው ነገር የሚሰማኝ ሰው ሆኛለሁ። አልቆልኛል በቃ። መሰርሰሪያው ጨርሶኛል። ውሰዱልኝ፤ አራቱንም ጥንድ ውሰዱልኝ። ለማይሰማ ሰው ምን ያደርጉለታል?»

ጓደኞቹ አዘኑ። ከልባቸው ነው ያዘኑት፤ ግማሽ ደቂቃ ያህል አዘኑ። ከዚያ ቀያሹ በሮቹን በሐሳቡ እየለካ ለሱ ሳሎን አይከብዱም ማለት ጀመረ። ዳኛው ደግሞ ተነስተው፣ በመጋረጃው ሥር አጎንብሰው ገብተው፣ «ለማስታወሻ ያህል» ብለው አንዷን ድንክዬ አቅፈው ወጡ።

ልብስ ሰፊዋ ቆማ ታያለች። አንድ ጥንድ ብቻ ጠይቃ ነበር፤ ይኸው አራቱም ሊሄዱ ነው። ሳሎኑ ባዶ፣ ጠረጴዛው መስኮቱ ሥር፣ ማንም «ሽሽ» የማይላት። ከሷ የሚጠበቀው አፏን መዝጋት ብቻ ነው፤ አፍ መዝጋት ደግሞ በዚህ ቤት የሠለጠነችበት ሙያ ነው። ትንሽ ብትቆይ ሁሉም ያልቃል። ጉልበቷም አብሮ ተናገረ፤ ዝም በይ አላት።

ባሏን አየችው። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ወረቀቱን አጥፎ አጥፎ የማስቲካ ያህል አሳንሶታል። ቅስሙ ተሰብሯል። ሃያ ስድስት ዓመት ስትናደድበት የኖረች ሴት አዘነችለት፤ ራሷን ተቆጣች፣ ግን አልሆነላትም።

«ጋሼ» አለች ዳኛውን፣ «ያቺን ድንክዬ መልሰው ያስቀምጧት። መጋረጃውንም አንዳችሁ ግለጡት።»

ቀያሹ ገለጠው። የቀጫጮቹ፣ የድንክዬዎቹና የበሮቹ ገመዶች በየቀለማቸው ክር እንደተጠቀለሉ፣ ማለዳ እንዳስቀመጠቻቸው ተቀምጠዋል። አምፕሊፋየሩ ላይ የታሠሩት ቁም ሳጥኖቹ ብቻ ናቸው። ቀያሹ በጉልበቱ ተንበርክኮ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ነካ፣ ገመዱን በእጁ እየተከተለ እስከ ሣጥኑ ድረስ ዳኸ፤ ከዚያ እዚያው ቀረ።

«አልቀየርኩትም» አለች። «አንዴም። አራቱም ጊዜ እነሱ ናቸው። እናንተ አራት፣ ስድስት፣ ዘጠኝ ተኩል፣ ስድስት ስትሉ ልዩነት የለም ያለው እሱ ብቻ ነው። ጆሮ ያለው እሱ ብቻ ነው ማለት ነው።»

ዳኛው ድንክዬዋን እንደታቀፉ ኩም አሉ። «እህቴ፣ ይሄ ችሎት መድፈር ነው።»

«ይቅጡኛ።»

«ግን ሦስተኛው ይበልጥ ነበር!» አለ ቀያሹ ከመሬት ሳይነሳ። «አትካጂኝ እትዬ፣ በጆሮዬ ነው የሰማሁት! ሴትዮዋስ?»

«ሴትዮዋ እኔ ነኛ!»

ዳኛው ከቅኝቱ ወጣ ትላለች ማለታቸውን አሁን አስታውሰው ጣሪያውን ማየት ጀመሩ።

ጥርስ ሐኪሙ ከወንበሩ ተነስቶ ወደሷ መጣ። በጓደኞቹ አልሳቀባቸውም፤ መኖራቸውንም የረሳ ይመስል ነበር።

«አንቺ ነበርሽ?»

«እኔ ነበርኩ።»

«አቁመሽ ነበር እኮ።»

«አስቁመኸኝ ነበር።»

ይህን ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ። ሊከራከር አፉን ከፈተ፤ ቀጫጮቹን አየ፣ በሮቹን አየ፣ አፉን መልሶ ዘጋ። እንዲያ ሲያፍር አይታው አታውቅም።

«ዝም ብትይ ክፍሉ በሙሉ ያንቺ ነበር» አላት በመጨረሻ። «ለምን ነገርሽኝ?»

«ጆሮህን ነቅለህ ልትጥል ስትል ዝም ልበልህ?» አለች፤ ድምጿ እንደ መቆጣትም እንደ ማልቀስም አደረገው። «አሁን ምረጥ። አንድ ጥንድ ብያለሁ፣ ቃሌ ቃል ነው።»

«ቁም ሳጥኖቹ።» አላሰበበትም። ሦስት ዓመት «ላስብበት» ያለው ሰው ነው። «እነሱን ብቻ።»

«ከሁሉም የሚሰፉት እነሱ ናቸው። ለክቼዋለሁ፤ እነሱ ከገቡ ጠረጴዛዬ ግድግዳው ጋ አይገባም።»

«እንግዲያው መሃል ይሁን። መስኮቱ ፊት።»

«መሃል?» ቀያሹ ከወለሉ ላይ ቃተተ። «መሃልማ የመስሚያው ወንበር ቦታ ነው! ጠረጴዛ መሃል ገብቶ እንዴት ነው የምትሰማው?»

«ቆሜ» አለ ጥርስ ሐኪሙ። «ወይም ጨርቁን እየያዝኩላት።»

ሌሎቹን ሦስት ጥንዶች ጓደኞቹ እንዲካፈሉ ነገራቸው። ሲካፈሉ ሊጣሉ ምንም አልቀራቸውም፤ እሱ ግን ጆሮ አልሰጣቸውም። በርጩማዋን ገፋ አድርጎ ከመጋረጃው ጀርባ፣ በገመዶቹ መካከል፣ ወለሉ ላይ ተቀመጠና ጀርባውን መጣፊያ ባለው ሣጥን አስደገፈ። በሕይወቱ ስፒከርን ከጀርባው ሰምቶ የማያውቅ ሰው ነው።

«አንድ ጊዜ ድገሚልኝ» አላት።

«እነዚህ ሰዎች ተቀምጠው? አላደርገውም፣ አፍራለሁ።»

ዳኛው ይህን ሰምተው ተነሱና መጋረጃውን በገዛ እጃቸው መልሰው ጎተቱት። ከዚያ ከቀያሹ ጎን ቦታቸውን ያዙ። ልብስ ሰፊዋ መርፌውን ሸክላው ላይ አስቀመጠችና ባሏ አጠገብ ወለሉ ላይ ዝቅ አለች፤ ጉልበቷ ተንቋቋ፣ ከበሮው ገባ፣ እሷም ገባች። መጀመሪያ ድምጿ ሻከረባት። ባሏ ራሱን ወደ ቀኝ፣ ወደሷ፣ አዘነበለ።

ከመጋረጃው ወዲያ ቀያሹ አዲስ ወረቀት ሲያወጣ ተሰማ።

«ይሄኛው ስንተኛ ነው?» አለ በሹክሹክታ።

«አምስተኛ» አሉ ዳኛው። «ጻፍ።»